ደሴ በሐምሌ ለምን ይበርዳል? ግርዶሽስ በየወሩ ለምን አይመጣም?

መምህር_ኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ሁለት ጥያቄ አንስተዋል። በሰኔ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወደ ፀሐይ ስለሚያጋድል ይሞቃል ብለን እናስተምራለን። እኛም ከምድር ወገብ በስተሰሜን ነን፤ ታዲያ ደሴ በሐምሌ ለምን ይበርዳል? ሁለተኛው፣ ጨረቃ በየወሩ በምድርና በፀሐይ መካከል የምታልፍ ከሆነ የፀሐይ ግርዶሽ በየወሩ ለምን አይኖርም? በቀላል ዕቃ የሚሠራ ማሳያ ካለም ጠቁሙኝ።

ጦሳ_ስር፦
መምህር፣ መጀመሪያ ርቀቱ ምክንያት አለመሆኑን ያሳዩአቸው። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። በሰኔ መጨረሻ ወደ 152 ሚሊዮን ትርቃለች። ወቅትን የሚያፈራርቀው የዛቢያዋ 23.4 ዲግሪ ማዘንበል ነው።

ደሴ 11.1 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 11 እና ነሐሴ 18 አካባቢ፣ ቀትር ላይ አናታችን ላይ ትቆማለች። በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት ከአናት በስተሰሜን ታልፋለች፤ ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል። የ1 ሜትር ዘንግ ሰኔ 14 ቀን ወደ ደቡብ 22 ሳንቲ ሜትር፣ ታኅሣሥ 12 ቀን ደግሞ ወደ ሰሜን 69 ሳንቲ ሜትር ጥላ ይጥላል። ስለዚህ በሐምሌ ፀሐይዋ ከፍ እንዳለች ናት፤ ብርዱ የደመናው ነው። የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ደመናው ጨረሩን ይመልሳል፣ የረጠበው መሬትም የቀረውን ሙቀት ለትነት ያውለዋል። የእኛን ክረምትና በጋ የሚለያቸው ዝናብ ነው። ይህን ሳያስረዱ የአውሮፓን አራት ወቅት ማስተማር ልጆቹን ያደናግራል።

ጥላውን ሲለኩ ዘንጉን በቱምቢ ቀጥ አድርገው ያቁሙት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው፤ ልክ 6:00 ላይ ይለካል። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ስለሆነ የደሴና የኮምቦልቻ እውነተኛ ቀትር በአማካይ 6:21 ነው። ጥቅምት ማለቂያ ላይ ወደ 6:05 ይቀድማል፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ እስከ 6:36 ይዘገያል። በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ ምልክት ያድርጉ፤ ጥላው ከሁሉ ያጠረበት ሰዓት ቀትር ነው።

ቦርከና፦
ሁለተኛውን ጥያቄ በብርቱካንና በብይ ያሳዩት። ብርቱካኑ 8 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጨረቃን የምትተካው ብይ 2.2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትሁን፤ ርቀታቸው 2.4 ሜትር። መጽሐፍ ላይ ሁለቱ ተጠጋግተው ስለሚሳሉ ተማሪው ግርዶሽ በየወሩ መምጣት ያለበት ይመስለዋል። የጨረቃ ምህዋር ከምድር ምህዋር በ5 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ነው። በ2.4 ሜትር ላይ 5 ዲግሪ ማለት 21 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ነው። ብይዋን ያን ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙና ጥላዋን በዓይናችሁ ተከተሉ፦ ከ8 ሳንቲ ሜትሩ ብርቱካን በላይ ርቆ ያልፋል። ግርዶሽ የሚሆነው ሁለቱ ምህዋሮች በሚቋረጡበት ቦታ አጠገብ አዲስ ጨረቃ ወይም ሙሉ ጨረቃ ሲገጥም ብቻ ነው፤ ይህም በየ6 ወሩ ገደማ ይመጣል።

ርቀቷም ይለዋወጣል። ጨረቃ ራቅ ስትል ፀሐይን ሙሉ በሙሉ መሸፈን ያቅታትና ዙሪያው ቀለበት ሆኖ ይቀራል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ የታየው ይህ ነው፤ ደሴ ከመስመሩ ውጭ ስለነበረች ከፊሉን ብቻ አየች።

አዝዋ፦
ቦርከና ያለው ላይ አንድ ልጨምር። ጨረቃ የምትጎድለው የምድር ጥላ ስለሚያርፍባት ነው የሚሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ክፍሉን አጨልማችሁ አንድ አምፖል አብሩ፤ ተማሪው ኳስ በእርሳስ ሰክቶ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ከራሱ ከፍ አድርጎ ባለበት ይዙር። ኳሱን በዓይኑ ትክክል ከያዘው ጀርባውን ለአምፖሉ ሲሰጥ የራሱ ጥላ ያርፍበትና ሙሉ ጨረቃ መሆን ሲገባው ግርዶሽ ይሆንበታል። ስህተቱን ሆን ብላችሁ አሳዩት፤ ልዩነቱ የሚገባው ያኔ ነው። ከአንዱ አዲስ ጨረቃ እስከ ቀጣዩ 29.5 ቀን ነው። ቀጭኗን ጨረቃ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ለማየት ደሴ ከተማ ውስጥ አትቁሙ፤ በምዕራብ የጦሳ ተራራ ይከልላል።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ከቀትር በኋላ አገራችን ላይ ከፊል የፀሐይ ግርዶሽ አለ። በጥቀርሻ የጠቆረ መስታወት፣ የራጅ ፊልምም ሆነ ስስ ደመና ዓይን አያድንም። ካርቶን ላይ 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱና ብርሃኑን 1 ሜትር ርቆ በተቀመጠ ነጭ ወረቀት ላይ አሳርፉት፤ ወደ 9 ሚሊ ሜትር የምትሰፋ የፀሐይ ምስል ታገኛላችሁ። ክረምት ስለሆነ ደመናው ለአፍታ ሲገለጥ እንዳያመልጣችሁ ካርቶኑን ከጠዋቱ አዘጋጁ።