በላይብረሪ ካርድ ሙዚቃ መዋስ፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያላችሁ፣ በሕዝብ ላይብረሪ ካርድ ሙዚቃ መዋስ ይቻላል አሉ። ጆሮዬ ያልለመደውን መሞከር ፈልጌ ነው። እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ላይብረሪህ ሁፕላ (በላይብረሪ ካርድ የሚዋሱበት አፕ) ካለው አልበም ያለ ወረፋ ትዋሳለህ፤ በ7 ቀን ራሱ ይመለሳል። የወሩን ኮታ የሚወስነው ላይብረሪው ነው። ፍሪጋል የሚባለው ሌላው የላይብረሪ ሙዚቃ አገልግሎት ግን ይለያል፤ የተፈቀደልህን ያህል ዘፈን በኤምፒ3 ካወረድክ ያንተው ሆኖ ይቀራል።

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍለጋው ላይ ነው። ለምሳሌ ኢትዮፒክስ የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ሲዲዎች የታተሙት ፈረንሳይ ስለሆነ ስሞቹ የተጻፉት በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ነው። ሙላቱ አስታጥቄን በለመድከው ስፔሊንግ ካጣኸው በተከታታዩ ስምና በቅጽ ቁጥር ፈልግ፤ ቅጽ 4 የእሱ ነው። ከተቻለ ሲዲውን ተዋስ፤ ውስጡ ያለችው ቡክሌት የተጫዋቾቹን ስም ትነግርሃለች፣ ቀጣዩን ፍለጋ ከእነሱ ትጀምራለህ።

መልስ፦ ሲዲ ስትረከብ ጀርባውን ብርሃን ላይ ዘንበል አድርገህ እይ፤ ጭረት ካለው እዚያው ተናገር፣ ኋላ በአንተ እንዳይላከክ። እየዘለለ ካስቸገረህ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገህ ጥረገው። እንደ ሳህን እያዞርክ አትወልውል! በክቡ አቅጣጫ የሚሄድ ጭረት ተከታታይ መረጃ ስለሚያጠፋ ማጫወቻው ሊያርመው ይከብደዋል።