ሐዋሳ ውስጥ የዓይን ግፊት የት ይታያል? ለእናቴ ጥቆማ ፈልጌ ነው

ጥያቄ፦
እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ታላቅ ወንድሟ በግላኮማ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። «ተመርመሪ» ስላት «ያለ መነጽር መርፌ የማሰካ ሰው ምን ሆኜ?» ትለኛለች። መነጽር ቤት፣ የግል የዓይን ክሊኒክ ወይስ ሪፈራል ሆስፒታል ይሻላል? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦
እህቴ፣ ሦስቱንም ከአባቴ ጋር ዞሬአቸዋለሁ፤ ግን ዘግይተን ነበር። አባቴ በብስክሌት ከገበያ ሲመለስ ከግራው የመጣ ባጃጅ ጣለው። ከወደቀበት ሳይነሳ «ከየት መጣ?» አለ። ባጃጁ በቀጥታው መንገድ ነው የመጣው፤ አባቴ በዚያ በኩል አያይም ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ «ሞራ ነው፣ እስኪበስል ልጠብቅ» ሲል ከርሟል። ሞራ ቢሆን በቀዶ ሕክምና ይገፈፍ ነበር። ግላኮማ ግን የሚጎዳው ዓይን ያየውን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ነው፤ የሞተው አይመለስም። ጠብታውም፣ የሌዘር ጨረሩም፣ ቀዶ ሕክምናውም የተረፈውን ለማቆየት ነው።

ሌላው ያሳሳተን ስሙ ነው። ስለ ዓይን ግፊት ስናወራ አባቴ «ግፊቴን በየወሩ እለካለሁ፣ ደህና ነው» ይለናል፤ ክንዱ ላይ የሚለካውን ማለቱ ነው። ዓይን ውስጥ ዘወትር የሚመነጭ ፈሳሽ አለ። መውረጃው በደንብ ካላሳለፈው ይጠራቀምና ግፊቱ ነርቩን ይጎዳል። ይህ ክንድ ተለክቶ አይታወቅም።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ።

መነጽር ቤት ለመነጽር ነው። አባቴ ከአንዱ ሁለት ጊዜ መነጽር አሠርቷል። ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል እስከ ታችኛው መስመር ስላነበበ ሁለቱንም ጊዜ «ዓይንዎ ደህና ነው» ተብሎ ተሸኘ። ፊደሉ የሚፈትነው የመሐሉን እይታ ነው፤ ግላኮማ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዳር ጀምሮ ነው የሚበላው። የእናትዎ መርፌም ከፊደሉ አይለይም። እንዲያውም በዚህ ዕድሜ ያለ መነጽር መርፌ የሚያሰካ ሰው ቅርቡን እንጂ ሩቁን አጥርቶ የማያይ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ዓይን ለግላኮማ ይበልጥ ይጋለጣል። የወንድማቸው ነገር ሲጨመርበት እኔ አንድ ሳምንትም አልጠብቅም።

ለመጀመሪያ ምርመራ የግል ክሊኒክ እመርጣለሁ፤ ወረፋው አጭር ነው። ከመክፈልዎ በፊት ግን ግፊት ይለኩ እንደሆነ፣ ብሌኑን አስፍተው ነርቩን ያዩ እንደሆነ፣ የዳር እይታ መፈተኛ መሣሪያ ይኖራቸው እንደሆነ ይጠይቁ። ግፊት ብቻ ለክቶ «ነጻ ነዎት» የሚል ቦታ አይብቃዎት። ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንደ ጤናማ ይቆጠራል፤ ነገር ግን ግፊታቸው 21 ሳይደርስ ነርቫቸው የሚጎዳ ሰዎች አሉ። ልኩም በአንድ ቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ውጤቱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ለሚቀጥለው ሐኪም ማነጻጸሪያ የሚሆነው እርሱ ነው።

በሽታው ከተገኘ ወደ ሪፈራል፣ ማለትም ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይሂዱ። የዓይን ክፍል አለው፤ የሚማሩበት ቦታ ስለሆነም አባቴን በአንድ ቀን ሦስት ሰው አይቶታል። እርሱ ተሰላችቶ ነበር፣ እኔ ደስ ብሎኛል። ሰልፉ ቀን ይፈጃል፤ ምሳ ይያዙ። የጤና መድህን ካላችሁ አስቀድማችሁ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት አጽፉ። ክትትሉ የዕድሜ ልክ ስለሆነ ኪስ የሚችለውን ቦታ መምረጥ ያስፈልጋል። ብሌን ማስፊያው ጠብታ ለሰዓታት እይታን ያደበዝዛል፤ ብቻቸውን አይላኳቸው። አባቴ ያን ዕለት በብስክሌት ካልተመለስኩ ብሎ ከበር ላይ ነው የያዝነው።

ሌላ መልስ፦
ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ ስለ ጠብታዎቹ ልጨምር። እኛ ዘንድ አዘውትረው የሚታዘዙት ቲሞሎልና ላታኖፕሮስት ናቸው። ላታኖፕሮስት ማታ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ለሚረሳ ሰው ይመቻል፤ ዓይንን ሊያቀላና ሽፋሽፍትን ሊያስረዝም ይችላል። ቲሞሎል በአብዛኛው በቀን ሁለት ጊዜ ነው። አስም ላለበት ወይም የልብ ምቱ ቀርፋፋ ለሆነ ሰው ግን አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ይህን ለሐኪም ሳይናገሩ እንዳይወስዱት። ጠብታ ዓይን ውስጥ የሚቀር ይመስላል እንጂ በአፍንጫ በኩል ወደ ደም ይገባል። ካደረጉ በኋላ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለሁለት ደቂቃ በጣት መጫን ይህን ይቀንሳል።

አብዛኛው ላታኖፕሮስት ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ማቀዝቀዣ የማይፈልግም ስላለ ማሸጊያውን ያንብቡ። ከተከፈተ በኋላ ከ25 ዲግሪ በታች ለ6 ሳምንት ያገለግላል። የሐዋሳ ቀትር ከዚያ ስለሚበልጥ መስኮት ላይ አይቀመጥ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ለማሳከክ ተብሎ ዴክሳሜታሶን ያለበት ጠብታ ያለ ማዘዣ «ያችን የባለፈውን ስጡኝ» እየተባለ ይገዛል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ የዓይን ግፊትን ሊጨምር ይችላል።

ጠያቂዋ፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ አስም የለባትም። ነገር ግን አቧራ ሲነሳ የምታደርገውን ጠብታ አሁን ከመሳቢያዋ አውጥቼ ሳየው ዴክሳሜታሶን ይላል። ከባለፈው ፋሲካ ጀምሮ እንደምትጠቀምበት ነገረችኝ።

ሌላ መልስ፦
ጠርሙሱን ይዛችሁ በዚሁ ሳምንት ሂዱ፤ የምትጠቀምበትን ጊዜ ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩት። እስከዚያው ድንገት ዓይኗን ከባድ ሕመም ከያዛት፣ ከቀላ፣ መብራት ዙሪያ ቀለበት ከታያት ወይም ካስመለሳት ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። አንቺም 40 ዓመት ካለፈሽ የራስሽን ካርድ አብረሽ አውጪ።