ገጹ ሳይገለጥ ኦርፌዎስ ዞረብኝ! ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል

ሰዓሊት፦ ሰላም ቤቶች፣ አስቸኳይ ነው። የግሪክ አፈ ታሪኩን ዘፋኝ የኦርፌዎስን ታሪክ በዛሬዋ አቴንስ አድርጌ በሥዕል መጽሐፍ ሠርቻለሁ። ሚስቱ ዩሪዲኬ ትሞትበታለች። ጊታሩን ይዞ በከራሜይኮስ ሜትሮ ጣቢያ በኩል ሙታን አገር ይወርዳል። ይዟት ሲወጣ ብርሃን ላይ ሳይደርሱ እንዳይዞር ተነግሮታል፤ ይዞራል። መዞሩ የሚታየው ገጹ ሲገለጥ ነበር። ማተሚያ ቤቱ «የገጹ ብዛት ለ4 ይካፈል» ስላለኝ ገጽ ጨመርኩ። አሁን ገና ዋሻው ውስጥ እየሄዱ እሱ ከጎን ባለው ገጽ ላይ ዞሮ ይታያል! ፋይሉን ጠዋት 3 ሰዓት ይፈልጉታል።

የፒያሳው፦ ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይረሽ ፒዲኤፍ አውጪ። አለበለዚያ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ሰዓሊት፦ ፊደሉ ደህና ነው ወንድሜ።

መምህሩ፦ ከራሜይኮስን መምረጥሽ ግሩም ነው። የጥንት አቴናውያን መቃብር ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለሜትሮው ሲቆፈር በጅምላ የተቀበሩ ሰዎች አፅም ወጥቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ430 ከተማዋን ከመታው ወረርሽኝ ጋር ያያይዙታል። ግን ጊታር ምን አመጣው? ኦርፌዎስ ሊራ ነው የሚደረድረው፣ የክራር ዘመድ። ደግሞ ሮማዊው ባለቅኔ ቨርጂል ጋ ዩሪዲኬ «ምን ዓይነት እብደት ነው ያጠፋን?» ብላ ትጮኻለች። ሌላው ሮማዊ ባለቅኔ ኦቪድ ጋ ግን አትወቅሰውም፤ ስለወደዳት እንዴት ትክሰሰው? ያንቺዋ የትኛዋ ናት?

ጥቁር ቀለም፦ መምህር፣ ልጅቷ ጠዋት ፋይል ታስረክባለች እኮ!

ጠራዡ፦ ስንት ገጽ ነበር? የጨመርሽውስ የት ላይ ነው?

ሰዓሊት፦ ውይ፣ 46 ነበር። አንዱን ለርዕስ ፊት ላይ፣ አንዱን ባዶ መጨረሻ ላይ። መዞሩ 38 ነበር፣ 39 ሆነ።

ቆቁ፦ ለምን ትደብቂዋለሽ? እንደሚዞር አገር ያወቀው ነው። እንዲያውም ከጎን መታየቱ ያምራል። ከፈለግሽ ደግሞ አንድሮሜዳን ሥሪ፤ ግሪኮቹ ራሳቸው የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ይሏታል።

ሰዓሊት፦ መዞሩን ያውቃል፣ መቼ እንደሚዞር አያውቅም። አንድሮሜዳ ለሚቀጥለው።

የፒያሳው፦ ፊደሉን ቀይሪው አልኩሽ፣ ሁሉም ይስተካከላል።

ጠራዡ፦ ቀላል ነው። ገጽ 1 ሁልጊዜ በቀኝ ነው። ስለዚህ ጎዶሎ ቁጥር በቀኝ፣ ሙሉ ቁጥር በግራ ይውላል። ሲገለጥ አዲስ ሆኖ የሚመጣው ግራው ነው። ፊት ላይ አንድ ገጽ ብቻ ስትጨምሪ የግራው ሁሉ ቀኝ ሆነ። ባዶውንም ወደ ፊት አምጪው፣ የርዕሱ ጀርባ ይሁን። መዞሩ 40 ላይ ያርፋል፣ ድምሩ ያው 48። በሁለት ገጽ የተዘረጋ ሥዕል ካለሽ እሱም ለሁለት ተቆርጦ ነበር፤ አብሮ ይመለስልሻል። የገጽ ቁጥር በእጅሽ ጽፈሽ ከሆነ ግን አስተካክይ። 48ቱ ሽፋኑን ይጨምራል ወይ ብለሽም ጠይቂ። ከጨመረ ለውስጥ የሚተርፍሽ 44 ብቻ ነው፣ ያኔ ሌላ ጣጣ ነው።

ጥቁር ቀለም፦ ጠራዡ፣ እግዜር ይስጥልን።

አዲስ ገቢ፦ እኔም 30 ገጽ የልጆች ተረት አለኝ። ስንት ልጨምር?

ጠራዡ፦ ሁለት። ሁለቱንም ፊት ላይ ወይም ሁለቱንም መጨረሻ ላይ።