የመሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ፦ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ማንስ ያስተዳድረው?

ጥያቄ (የከተማ ልማት ኮሚቴ አባል)፦
ከተማችን ትንሽ ናት። በዋናው ጎዳና ግራና ቀኝ መኪና የሚቆመው በነጻ ነው። ረፋዱ ላይ ግን ባዶ ቦታ አይገኝም፤ ገበያተኛው ሦስት አራት ጊዜ ዞሮ ሲሰለቸው ወደመጣበት ይመለሳል። ነጋዴዎች ባለ ብዙ ፎቅ ማቆሚያ ይሠራልን ይላሉ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ገንዘብ የለውም። ብድር እንውሰድ? ክፍያ እንጀምር? ወይስ ሥራውን ለግል ድርጅት እንስጥ? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ እርዱን።

መልስ (የትራንስፖርት ፕላን ባለሙያ)፦
ከመገንባታችሁ በፊት ቁጠሩ። አንድ የሥራ ቀንና አንድ የገበያ ቀን ምረጡ። ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ሰው በየሰዓቱ ጎዳናውን እየዞረ የቆመውን መኪና ሁሉ የሰሌዳ ቁጥር የመጨረሻ ሦስት አሃዞች ይመዝግብ። እኔ በተካፈልኩበት አንድ ቆጠራ፣ ከጠዋት እስከ ማታ በዘጠኙም ዙር ያልተለወጠ ቁጥር አገኘን። መኪናው የማን እንደሆነ ስንጠይቅ፣ በሩ ላይ የቆመበት ሱቅ ባለቤት ሆኖ ተገኘ! ሁለት ጎዳና አለፍ ብሎ ደግሞ ግማሹ ቦታ ባዶ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚያጥረው ቦታው ሳይሆን ተራው ነው።

ፎቁን በተመለከተ፣ መኪናው የሚያርፍበት ቦታ ብቻውን 12 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ መተላለፊያውና መወጣጫው ሲጨመር ግን ለአንድ መኪና ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ያ ሁሉ በኮንክሪትና በብረት የሚሠራ ነው። ከሥሩ ያለው ጎዳና በነጻ እስከቀጠለ ድረስ ከፍሎ ፎቅ ላይ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። ብድሩ ግን መኪና ቢገባም ባይገባም ይከፈላል።

መልስ (የነጋዴዎች ማኅበር ጸሐፊ)፦
ክፍያ ደንበኛ ያባርራል ብዬ ለዓመታት የተከራከርኩ ሰው ነኝ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በካሊፎርኒያ የምትገኘው የፓሳዴና ከተማ ታሪክ ነው። በአሮጌው የከተማው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1993 የማቆሚያ ክፍያ የሚቀበሉ ቆጣሪዎች ከመተከላቸው በፊት ነጋዴዎቹ አጥብቀው ተቃውመው ነበር። የተስማሙት የሚሰበሰበው ገንዘብ እዚያው ሰፈር ላይ እንዲውል ሲወሰን ነው። የእግረኛ መንገዱ ታደሰ፣ ዛፍ ተተከለ፣ መብራት ገባ፣ ጽዳቱ ተጠናከረ። ነጋዴ የከፈለውን በዓይኑ ሲያየው አይከፋውም። ገንዘቡ ወደ ጠቅላላው ካዝና ከገባ ግን እኔም ነገ ተመልሼ ተቃዋሚ እሆናለሁ።

መልስ (የከተማ ፋይናንስ ባለሙያ)፦
ጸሐፊው በተናገሩት ላይ ልጨምር። የተለየ የባንክ ሒሳብ በደንብ ይቋቋም፤ ገቢና ወጪውም በየሩብ ዓመቱ በግልጽ ይለጠፍ። ከሒሳቡ መጀመሪያ የሠራተኛና የጥገና ወጪ፣ ቀጥሎ የአካባቢ ማሻሻያ፣ ከተረፈ ደግሞ መጠባበቂያ ይውጣ። አዲስ ሕንፃ የሚሠሩ ሰዎች የራሳቸውን ማቆሚያ ከመገንባት ይልቅ ለጋራ ማቆሚያ መዋጮ እንዲከፍሉ መፍቀድም ጥሩ ምንጭ ነው። ከቅጣት የሚገኘውን ግን የበጀት መሠረት አታድርጉት፤ ሥርዓቱ በደንብ ሲሠራ ቅጣት ይቀንሳልና።

ለግል ድርጅት መስጠትን በተመለከተ እለምናችኋለሁ፣ ተጠንቀቁ። ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የጎዳና ማቆሚያ ገቢዋን በ1.15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለ75 ዓመታት አሳልፋ ሰጠች። ገንዘቡ አብዛኛው በጥቂት ዓመታት አለቀ፤ ከተማዋ ግን መንገድ ዘግታ ማቆሚያውን ከአገልግሎት ስታወጣ ለድርጅቱ ካሳ እንድትከፍል ውሉ ያስገድዳታል። ሰብሳቢ መቅጠር ከፈለጋችሁ ውሉ አጭር ይሁን፣ ዋጋ የመወሰን ሥልጣኑም ከእጃችሁ አይውጣ።

መልስ (የመሀል ከተማ ነዋሪ)፦
ስለ እኛስ ማን ያስባል? ዋናው ጎዳና ክፍያ ሲጀምር መኪናው ሁሉ ወደ መኖሪያ መንገዶቻችን ይጎርፋል። እናቴ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው፤ በራችን ላይ መኪና ከተደረደረ መውጫ የላትም። የነዋሪ ፈቃድና የአካል ጉዳተኞች ቦታ ከክፍያው ጋር በአንድ ቀን ይጀመር እንጂ ቆይቶ ይታያል አይባል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እናትዎን በተመለከተ ያሉትን በቃለ ጉባኤ አስይዘዋለሁ። ቆጠራውን በሚቀጥለው የገበያ ቀን እንጀምራለን። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ዋጋውን በምን እንተምነው?

መልስ (የትራንስፖርት ፕላን ባለሙያ)፦
በባዶ ቦታው ብዛት። ዶናልድ ሹፕ የተባሉት የከተማ ፕላን ፕሮፌሰር ያስፋፉት መለኪያ ከቦታው 85 በመቶ ያህሉ መያዙ ነው፤ ከሰባት ቦታ አንዱ ያህል ባዶ ሆኖ ቢገኝ ዋጋው ትክክል ነው ማለት ነው። ሁሉም ከሞላ ጥቂት ጨምሩ፣ ግማሹ ባዶ ከሆነ ቀንሱ። ረፋዱና ማታው አንድ ዓይነት ዋጋ ሊኖራቸው አይገባም። ሁለት ጎዳና አለፍ ብሎ ያለውን ባዶ ቦታ ደግሞ ለሱቅ ሠራተኞች በርካሽ ወርኃዊ ፈቃድ ስጡት። የመጀመሪያውን ወር ያለ ቅጣት፣ በማስጠንቀቂያ ወረቀት ብቻ አሳልፉት።