አማካሪዬ «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው» ብለው መለሱኝ

ጠያቂ፦ ከፒያሳ ማዶ

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ በሶሲዮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በሰፈራችን ባሉ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ላይ ለመሥራት አስቤ የጥናት ዕቅዴን ባቀርብም አማካሪዬ «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው፤ የግድ ካልክ በትምህርት ውጤት ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ ሥራ» ብለው መለሱኝ። እኔን ከመነሻው የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክና አንድ አግዳሚ ወንበር ባለበት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አሥራ አምስት የሚሆኑ ወጣቶች ተራቸውን እየጠበቁ፣ እየተሟገቱና እየከፈሉ ያመሻሉ፤ ጠብ ግን እምብዛም አይነሣም። ይህን ሥርዓት ማን አወጣው?

ሁለት ነገር እንድትነግሩኝ እለምናለሁ። የቪዲዮ ጨዋታን ራሱን ችሎ የሚያጠና የትምህርት ዘርፍ አለ? ካለስ መጠናት ያለበት ጨዋታው ነው ወይስ ተጫዋቹ?

መልስ፦ ባለገበጣው

ዘርፉ አለ፤ ሁለተኛው ጥያቄዎ ደግሞ ዘርፉ ገና ሲወለድ ከተጨቃጨቀበት ጉዳይ ጋር የተዛመደ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሆላንዳዊው የታሪክ ሊቅ ዮሃን ሁይዚንጋ ጨዋታ ከዕለት ኑሮ በጊዜና በቦታ ተከልሎ በራሱ ሕግ የሚመራ፣ ባህልም ከእርሱ የሚበቅል ነገር መሆኑን በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ ተከራክሯል። የቪዲዮ ጨዋታ ግን በምሁራን ዘንድ ወንበር እስኪያገኝ ብዙ ጠብቋል። ኖርዌያዊው ኤስፐን ኦርሴት በ2001 በኢንተርኔት በወጣው የዘርፉ መጽሔት የመጀመሪያ እትም ላይ ያንን ዓመት የኮምፒውተር ጨዋታ ጥናት «ዓመት አንድ» አድርጎ ጻፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ የዘርፉ ተመራማሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር የመጀመሪያ ጉባኤውን በሆላንድ ኡትሬክት ከተማ አካሄደ።

ክርክሩ እንዲህ ነበር። አንዱ ወገን ጨዋታን እንደ ልብ ወለድና እንደ ፊልም እንደ አንድ የትረካ ዓይነት ማንበብ ይቻላል ሲል፣ ሌላው ወገን የጨዋታ ነፍሱ ሕጉ ነው፤ ታሪኩ ልብሱ ነው ይል ነበር። አሜሪካዊቷ ምሁር ጃኔት መሪ ከላይ የሚወርዱ ጡቦች የሚደረደሩበትን ቴትሪስ የተባለ ጨዋታ በ1990ዎቹ ሥራ የበዛበትን የአሜሪካውያን ኑሮ የሚያሳይ አድርጋ በመተርጎሟ ሁለተኛው ወገን ክፉኛ ተሳልቆባታል። እኔም ቴትሪስ በ1984 ሞስኮ ውስጥ መሠራቱን ሳስብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም፤ ቢሆንም ተጫዋቿ ከሰጠችው ትርጉም ይልቅ የሠሪው አገር ይበልጣል ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም።

ከሁለቱ ወገን ጭቅጭቅ ይልቅ የሚያስተምረኝ አንድ ትንሽ ጨዋታ ነው። የኡራጓዩ ጎንዛሎ ፍራስካ በ2003 ከባልደረቦቹ ጋር «ሴፕቴምበር 12» የሚል ጨዋታ አወጣ። ከላይ ሆነው የአንድን ከተማ ገበያ ያያሉ፤ በሕዝቡ መካከል ታጣቂዎች ይመላለሳሉ፤ የተሰጠዎት መሣሪያ ሚሳይል ብቻ ነው። ሲተኩሱ ሚሳይሉ ዘግይቶ ይወድቅና ከታጣቂው ጋር ሴትና ሕፃን ይገድላል፤ ሐዘንተኞች በሬሳው ዙሪያ ተሰብስበው ያለቅሳሉ፤ ካለቀሱትም አንዳንዶቹ ተነሥተው ታጣቂ ይሆናሉ። ማሸነፊያ የለውም። ስብከት የሚመስል አንድ ቃል እንኳ በጨዋታው ውስጥ ሳይነገር ሙግቱን ሕጉ ራሱ ይሞግታል። ለአማካሪዎ ይህንን ቢያሳዩአቸው ከእኔ ረጅም ማብራሪያ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛም አገር ጨዋታ ሳይጠና አልቀረም። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ገበጣና በአፍሪካ ቀንድ ስላሉት ዘመዶቹ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል፤ ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ (ስለ አገራችን ቼዝ) እንዲሁ ጽፈዋል። በአገራችን ሰንጠረዥ መክፈቻው ላይ ተራ የለም፤ የመጀመሪያው ድንጋይ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል፣ በፍጥነት፣ እርስ በርስ እየተያዩ ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። በዛሬው ኮምፒውተር ላይ ተራ ሳይጠብቁ የሚካሄዱትን የጦርነት ጨዋታዎች የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ስለዚህ «ለእኛ ባዕድ ርዕስ ነው» የሚለውን መቃወሚያ አይፍሩት።

መልስ፦ የኬሚስትሪ መምህር

የወንድሜን ዕውቀት አከብራለሁ፤ ነገር ግን አማካሪው ያሉት ቀላል አይደለም። ከሰዓት በኋላ በማስተምረው ክፍል የኋላው ወንበር ባዶ የሚሆንበትን ቀን ቆጥሬ ጨርሻለሁ፤ ልጆቹ የት እንዳሉም አውቃለሁ፤ አንዳንዴ ራሴ ሄጄ ጠርቼአቸዋለሁ። የምሳ ገንዘባቸውን እዚያው ጨርሰው ተርበው የሚመጡ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የጨዋታ ሱስን በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ቻይና በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በኢንተርኔት የሚጫወቱትን ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ብቻ፣ በበዓል ቀንም እንዲሁ አድርጋ ወስናለች። እነዚህ ሁሉ ያለ ምክንያት ነውን? ልጅ ከክፍል እየጠፋ ስለ ሕግና ስለ ትረካ መከራከር ለእኔ ቅንጦት ነው።

መልስ፦ ባለገበጣው

መምህር፣ ሐዘንዎ ይገባኛል፤ ጉዳቱ የለም አላልሁም። ሆኖም የጤና ድርጅቱ መስፈርት ጠባብ ነው፦ ሰውዬው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ኑሮ ሁሉ ሲያስቀድመው፣ ጉዳት እያየም ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል ሲቆይ ነው። ከሰዓት ክፍል የቀረ ልጅ ሁሉ በዚህ አይገባም። በጨዋታና በጠበኛነት መካከል ያለውንም ክርክር ብናይ፣ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በ2019 አንድ ሺህ ያህል የ14 እና የ15 ዓመት የብሪታንያ ልጆችንና አሳዳጊዎቻቸውን ጠይቀው ግንኙነት አላገኙም። ያ ጥናት ስለ ጠበኛነት እንጂ ስለ ባዶው ወንበር አይናገርምና የእርስዎን ጥያቄ አይመልስም፤ ይህን አምናለሁ። የእርስዎን ለመመለስ ግን አንድ ሰው ልጆቹ ክፍሉን ትተው የሚሄዱበት ቤት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያገኙበት ማየት አለበት፤ ጠያቂያችንም ያሰበው ይህንኑ ይመስለኛል።

መልስ፦ ቤቱን የማውቀው

አራት ዓመት ፕሌይስቴሽን ቤት ተቀጥሬ ሠርቻለሁና ምሁራዊውን ለእናንተ ትቼ ያየሁትን ልጻፍ። የእግር ኳስ ጨዋታው ስም በ2023 ቢለወጥም እኛ ዘንድ አሁንም ፊፋ ነው። ሕጉ ተሸናፊ ከፍሎ ይነሣል፣ አሸናፊ ይቀመጣል የሚል ነው፤ ግን አሸናፊው ሦስት ጊዜ በተከታታይ ካሸነፈ በእኛ ቤት ይነሣ ነበር፤ አለዚያ አንድ ጎበዝ ልጅ ቤቱን ሙሉ ቀን ይዞ ሌላው ተስፋ ቆርጦ ወደ ጆተኒው ይሄዳል።

ዋናው ፈተና መብራት ሲጠፋ ነው። ከዕረፍት በፊት ከጠፋ ማንም አይከፍልም፤ ከዕረፍት በኋላ ከሆነና ልዩነቱ ሁለት ጎል ከደረሰ የሚመራው እንዳሸነፈ ይቆጠራል፤ አንድ ጎል ከሆነ ግን ኪሳራው የቤቱ ነው። አንድ ጊዜ መብራቱ የጠፋው ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ነበርና ክርክሩ እስኪጨልም ቆየ፤ የፈረደውም አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሕዝብ እንጂ እኔ አይደለሁም። እንግዲህ ካናዳ የተቀመጠው የጨዋታው መሐንዲስ ይህን ሁሉ አላሰበውም፤ የሰፈር ልጅ ነው ያወጣው።

ገንዘብ የሌለው ሕፃን ሲመጣ ደግሞ ያልተሰካ ጆይስቲክ እንሰጠዋለን። ሌሎቹ ሲጫወቱ እርሱም ይጫናል፤ ጎል ሲገባ «አገባሁ!» ብሎ ይጮኻል፤ ማንም አያርመውም። መምህር፣ ቤቱን በትምህርት ሰዓት እንድንዘጋ ነግረውን ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ እንቢ የሚል አይመስለኝም፤ ማንም መጥቶ አልጠየቀንም እንጂ።

ጠያቂ፦ ከፒያሳ ማዶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጥናት ዕቅዴን «መብራት ሲጠፋ ማን ይከፍላል?» ከሚለው ጥያቄ ለመጀመር ወስኛለሁ፤ ከዚያ ተነሥቼ ሕጉ ከማሽኑ ወጥቶ በአግዳሚው ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት እሞክራለሁ። መምህር ስላነሡት የቀሪ ተማሪ ጉዳይም አንድ ምዕራፍ ይኖረኛል። ቤቱን የማውቀው ለሚሉት አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፦ ከመጀመሪያው ቀን ማስታወሻ ደብተር ይዤ ብገባ ችግር አለው?

መልስ፦ ቤቱን የማውቀው

አለው። ደብተር ይዞ የገባ ሰው ከወረዳ የተላከ ነው ተብሎ ቤቱ ባንድ አፍታ ባዶ ይሆናል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን ተጫውተው ይሸነፉ፣ ከፍለውም ይነሡ፤ ደብተሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።