አሮጌ ኮሮላ ላይ ሴንትራል ሎክ፦ ቁልፉ ሲዞር በሮቹ ራሳቸው እንዲቆለፉ

ቢጫዋ_ኮሮላ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። መኪናዋ የ1980ዎቹ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ አራት በር፣ መስኮቷ በእጅ የሚዞር፣ በሮቿ አንድ በአንድ በእጅ የሚቆለፉ። መብራት ላይ ስንቆም የኋላ በር ከፍቶ ቦርሳ ይዞ የሚሮጥ ስላለ፣ ቁልፉ እንደዞረ አራቱም በር በራሱ እንዲቆለፍ ነው የምፈልገው። ሶማሌ ተራ ለሁሉም መኪና ይሆናል የሚባል ባለ አራት ሞተር ሴንትራል ሎክ አለ። ይገጥማል? በሮቹ ውስጥ ምንም ሽቦ ስለሌለ ከበሩ ወደ ሰውነቱ የሚያልፍ ቀዳዳም የለም፤ ይህስ እንዴት ይሠራል? ደግሞ 15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ የሚቆልፍ የሚሰካ ዕቃ አለ ይላሉ፤ እሱ አይሻልም?

ካቻቪቴ፦

የሚሰካውን እርሳው። እሱ ፍጥነቱን የሚያነበው በኋላ ዘመን መኪኖች ላይ ካለው የኮምፒውተር መመርመሪያ ሶኬት ነው። ያንተ መኪና ያ ሶኬት የላትም፤ ቢኖራትም የሚታዘዝ የበር ሞተር የላትም።

ባለ አራት ሞተሩ ይገጥማል። ግን ሥራውን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ሽቦው አይደለም፣ ሰራቱራው (በሩ ውስጥ ያለው የመቆለፊያ ዕቃ) ነው። ካርቶኑን ከመክፈትህ በፊት የየበሩን መቆለፊያ በአንድ ጣት ወደታች ጫን፣ በአንድ ጣት መልሰህ አንሳ። ጣትህን ካስጨነቀ ሞተሩንም ያስጨንቀዋል፤ የእነዚህ ሞተሮች ጉልበት ቢበዛ ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ ነው። በአርባ ዓመት አቧራ የተጋገረ ግራሶ ላይ አዲስ ሞተር ቢታሰር በሁለት ሳምንት ፕላስቲክ ጥርሱን ይበላል። ሰራቱራውን በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠበው፣ አድርቀው፣ ከዚያ በስሱ ግራሶ ንካው። ብዙ ግራሶ አቧራ ነው የሚሰበስበው።

ፓኔሉን ስትፈታ የመስኮት ማዞሪያውን በካቻቪቴ አትፈልቅቅ። ከጀርባው በክሊፕ ነው የተያዘው። በማዞሪያውና በፓኔሉ መካከል ጨርቅ አስገብተህ ሊስትሮ ጫማ እንደሚወለውል ወዲያና ወዲህ ስትጎትት ክሊፑ ተፈናጥሮ ይወጣል። የት እንደወደቀ ካላየህ ግማሽ ቀን ትፈልገዋለህ፤ በሌላ እጅህ ጋርደው። ከፓኔሉ ጀርባ ያለውን ላስቲክ ሳትቀድ ላጠው፣ ስትጨርስ መልሰህ ለጥፈው። በመስታወቱ ጎን የሚወርደው የዝናብ ውሃ በሩ ሥር ባለው ቀዳዳ የሚወጣው እሱ ስላለ ነው፤ ከሌለ ውሃው ምንጣፍህ ላይ ይመጣል።

አሁን ዋናው ነገር። ሞተሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደው 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የመኪናህ የመቆለፊያ ዘንግ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይሄዳል፤ በማስመሪያ ለካው። ትርፉ ይፈለጋል፣ ግን በሁለቱም ጫፍ እኩል መከፋፈል አለበት። እንዲህ አድርግ፦ በሩን በእጅ ቆልፈው፤ የሞተሩን ክንድ በመቆለፊያ አቅጣጫ እስከመጨረሻው ውሰደው፣ ከዚያ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር መልሰው። እዚያ ላይ ሁለቱን ዘንጎች የምታያይዘውን ትንሿን ማሰሪያ በብሎኗ ጥብቅ አድርግ። በመክፈቻው አቅጣጫም ትንሽ ትርፍ መቅረቱን እይ። እዚህ ላይ የሚደረገው ስህተት ሞተሩን በመቆለፊያው ጫፍ ላይ አድርጎ ማሰር ነው፤ ያኔ ሲከፍት ደህና ይከፍታል፣ ሲቆልፍ ግን ትርፍ ስለማይኖረው ሳይጨርስ ሊቀር ይችላል።

የሞተሩ ዘንግ ከመኪናው ዘንግ ጋር ትይዩ ሆኖ በአንድ መስመር ይጎትት። አጣምመህ ካሰርከው ጉልበቱ ላሜራውን በመግፋት ያልቃል። ክንዱ ወደ ላይ የሚያይ ከሆነ ውሃ በዘንጉ ወርዶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ይሁን። ቦታውን ከመቅደድህ በፊት ሞተሩን በእጅህ ይዘህ መስታወቱን እስከታች አውርድ፤ የማይነካው መሆኑን ሳታይ አንድም ቀዳዳ አትብሳ። ስትቀድ ግን መስታወቱ እስከላይ የወጣ ይሁን። በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ፣ መሰርሰሪያው ላይ ከጫፉ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ትተህ ናስትሮ ጠቅልለህ ብሳ፤ እንደልብ ገብቶ የውጩን ላሜራ ከነካ ቀለም ቤት ያስገባሃል።

ማሳ_ፈላጊ፦

ካቻቪቴ ሜካኒካሉን ጨርሶታል፤ እኔ ሽቦውን ልንገርህ።

የሾፌሩ በር ሞተር አምስት ሽቦ አለው፣ የቀሩት ሦስቱ ሁለት ሁለት። የሾፌሩ ማስተር ነው፤ ውስጡ ማብሪያ ስላለው በቁልፍም ሆነ በእጅ ስትቆልፈው ለሌሎቹ ይነግራል። አንዳንዱ ካርቶን ውስጥ ሁለት ማስተር አለ፣ ሁለተኛው ለፊት ተሳፋሪ ነው።

ለቀዳዳው፦ መጀመሪያ የበሩ ጠርዝና የምሰሶው ላሜራ ላይ የጎማ መድፈኛ ካለ ፈልግ፤ አንዳንዱ መኪና ለስፒከር ተብሎ ከፋብሪካ ተቀዶ በጎማ የተደፈነ ቀዳዳ አለው። ከሌለ በሩ ላይ አንድ፣ ምሰሶው ላይ አንድ፣ ከ12 እስከ 14 ሚሊ ሜትር አድርገህ ብሳ። ሁለቱን ፊት ለፊት አታድርጋቸው፤ አንዱ ከሌላው 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ፊት ለፊት ሲሆኑ በሩ ሲዘጋ ሽቦው እዚያው አንድ ነጥብ ላይ ይታጠፋል። ዝቅና ከፍ ሲሉ ግን ሽቦው ይጠመዘዛል እንጂ አይሰበርም። ጠርዙን በሞረድ አለስልስ፣ የተላጠውን ላሜራ ቀለም ቀባ፣ ጎማ አልብስ፣ ሽቦውን በጎማ ቱቦ አሳልፍ። በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ እንኳ ሽቦው ያልተወጠረ ይሁን። ባለ ብዙ ቀጫጭን ፈትል ሽቦ ተጠቀም፤ ነጠላ ደረቅ ሽቦ እዚያ ቦታ አንድ ክረምት አይቆይም። “በሩ ሲከፈት ይሠራል፣ ሲዘጋ አይሠራም” የሚባለው በሽታ መቶ በመቶ ማለት ይቻላል እዚህች ቦታ ላይ የተበጠሰ ሽቦ ነው።

የሞተሮቹ ሽቦ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ይበቃል። ሞተሮቹን ለሚያዘው የመቆጣጠሪያ ሳጥን የሚመጣው ፖዘቲቭ ግን 2.5 ይሁን፣ ከባትሪው በቀጥታ ይምጣ፣ ከባትሪው 20 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ 15 አምፔር ፊውዝ ይኑረው። ከሬዲዮ ወይም ከሲጋራ ማቀጣጠያ ሽቦ አትቀጥል፤ አራቱ ሞተሮች በአንዴ ሲገፉ 15 አምፔር ሊነኩ ይችላሉ፣ ለግማሽ ሰከንድም ቢሆን። ማሳውን (ከመኪናው ሰውነት ጋር የሚገናኘውን ኔጌቲቭ ሽቦ) ቀለሙ ተፍቆ ወደተገለጠ ላሜራ በብሎን እሰር። ሳጥኑን ምንጣፍ ሥር አታስቀምጥ፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ከፍ አድርገህ፣ የሽቦው መግቢያ ወደ ታች ሆኖ ይታሰር።

አንዳንዱ ሳጥን ላይ የምትነቀል ትንሽ ሽቦ ወይም ማብሪያ አለች። እሷ የግፊቱን ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ ወደ ሦስት ሰከንድ ተኩል ትቀይራለች፤ በአየር ግፊት ለሚቆልፉ እንደ ድሮዎቹ መርሴዲሶች ላሉ መኪኖች የተሠራች ናት። አንተ ግማሽ ሰከንዱ ላይ ተዋት። በረጅሙ ከሆነ ሞተሮቹ ጫፍ ደርሰውም ሲገፉ ይግላሉ፣ ሽታውን መጀመሪያ አፍንጫህ ይነግርሃል።

ቢጫዋ_ኮሮላ፦

እናመሰግናለን፣ ጥርት ያለ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ሰማያዊና አረንጓዴ ለሞተር፣ ነጭ፣ ቡናማና ጥቁር ለማብሪያ ይላል። የሞተሩ ቀለም ከሥዕሉ ጋር ካልተገናኘስ?

ማሳ_ፈላጊ፦

ቀለም አትመን፣ ቴስተር ያዝ። ሁለት ሁለቱን እየነካካህ ለካ። ጥቂት ኦም ብቻ የሚያሳዩት፣ ክንዱን ብታንቀሳቅሰውም የማይለወጡት ሁለቱ የሞተሩ ናቸው። ከቀሩት ሦስት ውስጥ አንዱ ክንዱ ሲገባ ከአንዱ ጋር፣ ሲወጣ ከሌላው ጋር ይገናኛል፤ እሱ የጋራው ነው፣ ማሳ ይሆናል።

ፓኔል ሳትመልስ ሞክረው። አንዱ በር ብቻ በተቃራኒው ከሠራ የዚያን በር ሁለት የሞተር ሽቦ አቀያይር፣ በቃ። ሁሉም ቆልፎ ወዲያው ከከፈተ፣ ከዚያ እንደገና ከቆለፈ፣ ታክ ታክ ታክ እያለ ካላቆመ፣ ጥፋቱ ማስተሩ ላይ ነው፦ ሳጥኑ “ቆልፍ” ሲል ሞተሩ ይከፍታል፣ ማብሪያው “ተከፍቷል” ብሎ ይመልሳል፣ ሳጥኑም ይታዘዛል፤ እንዲህ እየተባባሉ ይኖራሉ። ፊውዙን ንቀል፣ ወይ የማስተሩን የሞተር ሽቦዎች ወይ ነጭና ቡናማውን አቀያይር። ሁለቱንም ካቀያየርክ ወደነበረበት ተመለስክ ማለት ነው።

አርባ_ሰባት_መቶ፦

ዋናው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ፦ በራሱ እንዲቆለፍ። ሪሞት ያለው ሳጥን ከሆነ መጀመሪያ ሥዕሉን እይ፤ አንዳንዱ ከኮንታክት (ከሞተር ማስነሻ ቁልፉ ማብሪያ) የሚመጣ ሽቦ አለው፣ እሱን ስታገናኝ ሞተር ሲነሳ ይቆልፋል። ተራው ሳጥን ግን ይህ የለውም። ለእሱ የሚሆን ትንሽ ሥራ ይኸው።

የሚያስፈልገው፦ ባለ 12 ቮልት የመኪና ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ፤ 30፣ 85፣ 86፣ 87 የእግሮቹ ቁጥሮች ናቸው) አንድ፣ 4700 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት ካፓሲተር አንድ፣ 1ኤን4007 ዳዮድ አንድ፣ 1 ኪሎ ኦም ግማሽ ዋት ሬዚስተር አንድ።

ቁልፉ “ኦን” ላይ ሲሆን ብቻ፣ ሞተር ሲነሳም የማይቋረጥ ሽቦ ከኮንታክቱ ፈልግ። የሬዲዮው አይሆንም፣ ሞተር ስታስነሳ ይቋረጣል። ከዚያ ሽቦ ወደ ዳዮዱ፣ የዳዮዱ ነጭ ቀለበት ያለበት ጫፍ ወደ ካፓሲተሩ ፕላስ፣ የካፓሲተሩ ማይነስ ወደ ሪሌይ 86፣ የሪሌዩ 85 ወደ ማሳ። ሬዚስተሩ ከካፓሲተሩ ፕላስ ወደ ማሳ። የሪሌዩ 30 ማሳ ላይ፣ 87 ደግሞ ከማስተሩ ወደ ሳጥኑ ከሚሄዱት ሁለት የማብሪያ ሽቦዎች የ“ቆልፍ” በሆነው ላይ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁለቱን በየተራ ማሳ አስነካ፤ የሚቆልፈው እሱ ነው።

አሠራሩ፦ ቁልፉ ሲዞር ካፓሲተሩ እስኪሞላ ድረስ ጅረቱ በሪሌዩ ጥቅል በኩል ያልፋል፣ ይህም ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው። ሪሌዩ አንዴ ጠቅ ይላል፣ በሮቹ ይቆለፋሉ፣ ከዚያ ዝም። ዳዮዱና ሬዚስተሩ ትርፍ እየመሰላቸው የሚተዏቸው አሉ። ያለ እነሱ ቁልፉን ስታጠፋ ካፓሲተሩ በመጣበት ሽቦ ተመልሶ ይፈስሳል፣ ሪሌዩም እንደገና ጠቅ ይላል። መኪና ያቆምክ ሰው በሩ ፊትህ ላይ ይቆለፍብሃል። ዳዮዱ መመለሻውን ይዘጋል፤ ሬዚስተሩ ሪሌዩ በማይሰማው ቀስታ ያራግፈዋል። ስለዚህ አጥፍተህ ወዲያው ብታበራ ላይቆልፍ ይችላል፤ ለማራገፍ ሃያ ሰከንድ ያህል ይፈልጋል።

የጋራዥ_እናት፦

ከመገጣጠምህ በፊት ሦስት ነገር ስማኝ፣ ወንድሜ።

አንደኛ፣ ሞተር እየሠራ ወርደህ በሩን ዘግተህ ቁልፍ ውስጥ መቅረት። አርባ_ሰባት_መቶ ያሳየህ አሠራር አንዴ ብቻ ስለሚቆልፍ ለዚህ ደህና ነው፤ ሾፌሩ በሩን ሲከፍት ማስተሩ ሁሉንም ይከፍታል፣ መልሶ አይቆልፍም። ሪሞት ያላቸው ሳጥኖች ግን በሪሞት ከፍተህ በር ካልከፈትክ ሠላሳ ሰከንድ ገደማ ቆይተው ራሳቸው መልሰው የሚቆልፉ አሉ። ያ ነገር መጥፋት የሚችል ከሆነ አጥፋው። ካልሆነ የበር መብራት ማብሪያዎቹን ከሳጥኑ ጋር አገናኝ፤ በር ክፍት መሆኑን ያውቃል።

ሁለተኛ፣ የኋላ በሮች የሕፃናት መቆለፊያ። ሰራቱራው ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሿ ማንሻ ወደ ተቆለፈው ከሆነች፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው መቆለፊያውን ቢያነሳም ከውስጥ አይከፍትም። የፋብሪካ መኪና አደጋ ሲደርስ በሮቹን ራሱ የሚከፍት አለ፤ ይህ አያውቅም። ትልልቅ ሰዎች የሚጫኑባት ከሆነች ማንሻዋን ክፍት አድርጋት። የውስጥ ፒኖቹንም “ሌባ በሽቦ እንዳይስባቸው” ብለህ አትቁረጣቸው።

ሦስተኛ ባትሪው። የሾፌሩ በር የቁልፍ ቀዳዳ መሥራቱን አረጋግጥ፤ ባትሪ የሞተ ቀን የምትገባው በእሱ ነው። ሪሞት ያለው ሳጥን ቆሞም ይበላል። 20 ሚሊ አምፔር ቢስብ በወር 14 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ 45ቷ ባትሪህ ሲሶዋን ሳትነዳ ታጣለች ማለት ነው። መኪናዋ የምትቆም ከሆነ ፊውዙን ንቀል።

ቢጫዋ_ኮሮላ፦

ገባኝ፤ ያለ ሪሞት በተራው ሳጥን ከሪሌዩ ጋር እሠራዋለሁ። አንድ ብቻ፦ ከኋላ በሮች የትኛውን ልጀምር?

ካቻቪቴ፦

ከኋላ አትጀምር። ከሾፌሩ በር ጀምር፣ ብቻውን ከሳጥኑ ጋር አገናኝና ሃያ ጊዜ ያህል በቁልፍ ቆልፈህ ክፈት። ማስተሩ ሳይስተካከል ሦስቱን በር ብትፈታ ሁሉንም ሁለት ጊዜ ነው የምትፈታው። የኋላዎቹ ቦታቸው ጠባብ ነው፣ የመስታወቱ መሄጃም ሞተሩን ወደ ጥግ ይገፋዋል፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ባለ ቀዳዳ ላሜራ በፒንሳ አጥፈህ ማሰሪያ ታበጅለታለህ። የመስኮት ማዞሪያ ክሊፕም ሁለት ትርፍ ግዛ።