ቻርቱ (የታካሚው መዝገብ) ላይ «የግራ እግር ቁስል» ብቻ ሲሆን ምን ኮድ ትሰጣላችሁ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ቤቶች። ሜሪላንድ ውስጥ የቁስል ክሊኒክ ኮዲንግ (ሐኪሙ የጻፈውን ሕመምና ሕክምና ለክፍያ ወደ ኮድ መቀየር) ከጀመርኩ ሦስተኛ ወሬ ነው። ትናንት አንድ ክሌም (የክፍያ ጥያቄ) ተመልሶብኝ ቀኑን ሙሉ ስበሳጭ ዋልኩ። ታካሚው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ታይፕ 2 ስኳር አለባቸው። ሐኪሙ የጻፈው «የግራ እግር ቁስል፣ ታጥቦ ታሸገ» ነው፣ በቃ። እኔም ኤስ81.802ኤ ሰጠሁት። ነርሷ ግን «ግራ ባት ላይ፣ 3 በ2 ሴንቲሜትር፣ ስቡ ይታያል፣ አራት ወር ሆኖታል» ብላለች። ከእሷ ወስጄ ልቀይረው? ደግሞ ኮዱ መጨረሻ ላይ ኤ ያልኩት እኛ ጋ ገና መምጣታቸው ስለሆነ ነው።

ቢለሩ፦
አይዞሽ፣ ያልተሸወደበት የለም። ኤስ81 የአደጋ ቁስል ነው፤ የተቆረጠ፣ የተወጋ፣ ውሻ የነከሰው። አራት ወር አልድን ያለ የስኳር ታካሚ ቁስል አልሰር (ከአደጋ ያልመጣ፣ ሥር የሰደደ የቆዳ ቁስል) ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ኤል97 ውስጥ ነው። በአማርኛ ስናስበው ሁሉም «ቁስል» ነው፣ ከጭን እስከ ጣትም ሁሉም «እግር» ነው፣ ኮዱ ግን ባትን ከቁርጭምጭሚት፣ ቁርጭምጭሚትን ከተረከዝ ይለያል። ሐኪሙ ባት ላይ ያለ አልሰር ነው፣ ያመጣውም ስኳሩ ነው ካለ መጀመሪያ ለስኳሩ ኢ11.622፣ ቀጥሎ ለቁስሉ ኤል97.222። ከቁርጭምጭሚት በታች ቢሆን ኖሮ ኢ11.621 ነበር። ያበጠ ደም ሥር ነው ያመጣው ካለ ደግሞ ወደ አይ83 ትሄጃለሽ። ብቻ አንቺ አትገምቺለት!

ነርስም ኮደርም፦
የነርሷ ማስታወሻ ግማሽ መንገድ ይወስድሻል። ሐኪሙ አልሰር ብሎ ከጻፈ ጥልቀቱን፣ ማለትም «ስቡ ይታያል» የሚለውን፣ ከነርስ መውሰድ የኮዲንግ መመሪያው ይፈቅዳል። አልሰር መሆኑን ግን ራሱ ሐኪሙ መጻፍ አለበት፣ ስለዚህ ኩዌሪ (የማብራሪያ ጥያቄ) ላኪለት። «ስኳር ያመጣው አልሰር ነው አይደል?» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ እሱ መልሱን አፉ ላይ ማስቀመጥ ነው። የቁስሉን ዓይነት፣ ቦታና መንስኤ ጠይቂው፣ አማራጮች ከሰጠሽው «ሌላ» እና «መለየት አይቻልም» የሚሉትም ይግቡ።

ኤ ላይ ደግሞ፣ የመጀመሪያ ቀጠሮ ማለት አይደለም። ጉዳቱ ገና በሕክምና ላይ ከሆነ አምስተኛ ቀጠሮም ቢሆን ኤ ነው፤ እየዳነ ለክትትል ብቻ ሲመጡ ዲ ይሆናል። ኤል97 ከሆነ ግን ይሄ ፊደል ጭራሽ የለውም፣ ተገላገልሽ።

ቢለሩ፦
አንድ ነገር ረሳሁ። «ታጠበ» ስላለ ዲብራይድመንት (የሞተ ሥጋ ማንሳት) ብለሽ እንዳታስከፍዪ። የሞተ ሥጋ አንስቶ ከሆነ እስከ ምን ድረስ እንዳነሳና ስንት ካሬ ሴንቲሜትር እንደሆነ ይጻፍ። ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ ካነሳ 11042 ነው፣ ከስቡ በላይ ያለውን ቆዳ ብቻ ከሆነ 97597። ኮዱን የሚወስነው የቁስሉ ጥልቀት ሳይሆን የተነሳው ነው።

ጀማሪዋ፦
ኑሩልኝ! ኩዌሪውን ልኬ ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሐኪሙ ደወለ። «ባት ብዬ ጽፌ የለ እንዴ?» አለኝ። ቻርቱን ከፍቶ ዝም አለ። አሁን አዴንደም (ማስታወሻው ላይ ተጨማሪ) እየጻፈ ነው።